የካድኩት ልጅሽ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
መጋቢት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ደስታ፣

በዕድሜ እኔ ብበልጥሽም እህትሽ ማንያህልሻል እትዬ ትልሽ ስለነበር የእኔም አፍ የለመደው ይኸው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳልጠራሽ ኖሬ ዛሬ በምን ልጥራሽ ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ ሌላ አልመጣልኝም። "የትኛው አምሃ?" ብትዪ አልፈርድብሽም። የእህትሽ ባል አምሃ ነኝ።

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልመናዬን ላስቀድም። ወደ መጨረሻ ካቆየሁት ሳባብልሽ የቆየሁ ይመስልብኛል። ትልቋ ልጄ ሉሉ ልታናግርሽ ትፈልጋለች። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በእናንተ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደውላለች። ቁጥርሽን ከእናቷ ስልክ ላይ አግኝታዋለች። እባክሽ አንሺላት። እኔን ማናገር የለብሽም። የምጽፈውን አንብበሽ ስትጨርሺ ላለማንሳት በቂ ምክንያት እንደሚኖርሽ አውቃለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ነው የምለምንሽ።

ሉሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻት የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አሁን ሠላሳ ሦስት ሞልቷታል። ከከተማው በስተምዕራብ ሂሊያርድ በሚባል ሰፈር ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ እኔም እህትሽ ካረፈች ወዲህ ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤታቸው ውስጥ ነኝ። ኤልያብ የሚባል የሦስት ዓመት ልጅ አላት። ፀጉሩ እንደ ማንያህልሻል ለስላሳ ነው፣ ሽፋሽፍቱ ረጅም ነው። ሰው ሲያስነጥስ በጣም ይስቃል። እኔም ይህን ካወቅኩ ወዲህ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ሆኛለሁ። አንድ ቀን በዚህ በኮሮና ዘመን ሱቅ ውስጥ ለሱ ብዬ ሳስነጥስ ገበያተኛው ሁሉ ግራና ቀኝ ተበተነ፤ ኤልያብ ደግሞ የሰዉን ሽሽት አይቶ ይብስ ሳቀ።

ኤልያብ አንገቱን አያቆምም። አይቀመጥም፣ አይቆምም፣ አንድም ቃል አልተናገረም። ምግብ ትን ይለዋል። ክንዶቹ አንዳንዴ ይዝላሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ እንጨት ይደርቃሉ። ዓይኖቹ ግን ሁሉን ይከተላሉ።

እዚህ ላይ ንባብሽን እንደምታቆሚ አውቃለሁ። አዎ እትዬ፣ እንዳንቺ ልጅ ነው። ልክ እንደሱ።

የበሽታው ስም ረጅም ነው፤ በሦስት ፈረንጅ ሐኪሞች ስም ይጠራል። የዘር ነገር የምታማክረን ሐኪም ስታስረዳን እንዲህ አለች። ከአንገታችን ዕጢ የሚወጣና የሕፃን አንጎል የሚያድግበት አንድ ንጥረ ነገር አለ። ኤልያብ ደሙ ውስጥ ሞልቶ ተርፎታል፤ ወደ አንጎሉ የሚያስገባው በር ግን አይከፈትለትም። በሩን የሚሠራው ትእዛዝ የተጻፈው ኤክስ በሚሉት የዘር ክር ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፣ ጤነኛ ሆና ትኖራለች። ወንድ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ሳያውቁት ይሸከሙታል፣ በወንዶች ልጆቻቸው ላይ ይወጣል። ይህን ስሰማ ቶሎ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

አሁን የሠራሁትን ልንገርሽ።

እኔ እዚህ አገር ዘር ቆጣሪ በመባል የታወቅኩ ሰው ነኝ፤ ያ ጠባዬ አለቀቀኝም። ሞርስ ሮድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንደኛው ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ "የጋሼ አምሃ ቢሮ" ይሏታል። ልጆቻቸው ሊጋቡ ያሰቡ ወላጆች ይመጣሉ፣ እኔም አባት ከአያት፣ አያት ከቅድመ አያት እያልኩ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬ ይዛመዳሉ ወይም አይዛመዱም እላለሁ። አምና እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተዋወቁ ሁለት ልጆች ስድስተኛው ቤት ላይ ገጠሙብኝና ሠርጉ ቀረ። የልጅቷ እናት እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ይህን የምነግርሽ ልኮራብሽ አይደለም። ምን ያህል እንደምኮራ ታውቂ ዘንድ ነው።

የዛሬ ዓመት የካቲት ላይ ሉሉ ኤልያብን ይዛ የዘር ነገር ወደሚያማክሩት ሐኪም ቤት ገባች። በኮሮና ምክንያት ብዙ ሰው ስለማያስገቡ እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ ሞተሩን እንዳስነሳሁ ተቀምጬ ነበር። ስልኬ ጠራ።

"ዳድ፣ ስፒከር ላይ ነህ። ሌዲዋ ፋሚሊ ትሪ እየሳለች ነው። አንተ ሁሉንም ታውቅ የለ? ንገራት።"

እኔ እንደሆን የዘር ሐረግ የማወራበት ዕድል ሲገኝ አላሳልፍም። ከአባቴ ጀምሬ አሥራ ሁለት አባቶች ቆጠርኩላት፤ ሉሉ እየተረጎመች፣ ኤልያብ እያንጎራጎረ። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፤ "በጣም ደስ ይላል፣ ይህን የሚያውቅ አያት አጋጥሞኝ አያውቅም። እኔ የምፈልገው ግን የሉሉን እናት ወገን ነው። የእናቷ እህቶች ወንዶች ልጆች ነበሯቸው? አንገቱን ያላቆመ፣ ያልተራመደ፣ በልጅነቱ የሞተ ወንድ ልጅ በዚያ በኩል አለ?"

የመኪናው መጥረጊያ በረዶውን ከመስታወቱ ላይ ይጠርጋል። አንቺ ዓይኔ ላይ መጣሽ። ልጅሽም መጣ።

"የለም" አልኩ። "ኖ። ኖባዲ።"

ለምን ካልሽኝ፣ አለ ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ፈርቼ ነው። ሉሉ "ዳድ፣ ለምንድነው ታድያ አክስታችንን የማናውቃት?" ማለቷ አይቀርም። ልጆቼ ስላንቺ የሚያውቁት "አንስማማም" ያልኳቸውን ብቻ ነበር። እናታቸው እሑድ እሑድ ከመኪና ውስጥ ተቀምጣ የምትደውለው ለማን እንደሆነም አያውቁም። እኔ ግን አውቅ ነበር። በመስኮት እያየኋት እንዳላየ እሆን ነበር። በእኔ ምክንያት ውጭ ብርድ ላይ ተቀምጣ ከእህቷ ጋር የምታወራ ሴት ነበረች ሚስቴ። ስትሞትም መርዶውን የነገረሽ እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ነው። እሱንም ይቅር በዪኝ።

መስከረም ላይ የምርመራው ውጤት መጣ፣ የሉሉም ደም ተመረመረ፤ ተሸካሚ ናት። ከእናቷ ወርሳው ይሁን ወይስ በእሷ ላይ እንደ አዲስ ተነስቶ ማወቅ አልተቻለም፤ እናቷ የለችም፣ በእናቷ ወገን ደግሞ "ማንም የለም" ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሟ ለማንኛውም ታናሿ ሰምሀልም ትመርመር አለች። ሰምሀል ግን፣ ታውቂያታለሽ፣ ስታለቅስ እንኳ ድምፅ የማታሰማዋ ትንሿ ልጅ፣ አሁን አግብታ ባንክ ትሠራለች፣ "ዳድ እኮ ኖባዲ ብሏል። እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል?" ብላ ተወችው። ሉሉ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ "ከእኔ ነው የጀመረው" ማለት አመጣች። ሳህን እያጠበች፣ ለብቻዋ። በእርግዝናዋ ጊዜ ምን እንደበላች፣ የትኛውን ኪኒን እንደዋጠች፣ ስንት ቀን ሳትተኛ እንደሠራች ትቆጥራለች። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ እሰማታለሁ። አንድ ቃል ተናግሬ ላሳርፋት ስችል አምስት ወር ዝም አልኩ።

ከገና በኋላ ሰምሀል ማርገዟን ነገረችን። ሁሉም አቅፎ ሳማት። እኔም ሳምኳት፤ ከዚያ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እርጅና ነው ብለው ውኃ ሰጡኝ።

ወደ ኤልያብ ነገር ልመለስ። ልጁ ምግብ ወደ ሳንባው እየገባ ሁለቴ ሆስፒታል ተኛ፣ ስለዚህ ሐኪሞቹ ሆዱ ላይ ቱቦ እናስገባለት ይላሉ። ሉሉ ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የካቲት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሉሉ ስብሰባ ላይ ሆና እኔ እንዳበላው ተወችልኝ። አመጋገብ የምታስተምረን ቴራፒስት እንዳሳየችን ወንበሩ ላይ አድርጌ በማንኪያ ሞከርኩ፤ ትን አለው፣ ፊቱ ጠቆረ። ደንግጬ አነሳሁትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ አንገቱን በክንዴ መታጠፊያ ደገፍኩ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አደረግኩ። አጥሚቱን በትንሹ ከንፈሩ ላይ አስነካሁትና በሌባ ጣቴ ጀርባ ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች ዳሰስኩት። ዋጠ። ደግሜ ዳሰስኩት። ደግሞ ዋጠ። ግማሽ ኩባያ ትን ሳይለው ጨረሰ።

ቀና ስል ሉሉ በሩ ላይ ቆማለች።

"ዳድ፣ ዌይት። ይሄን ማን አሳየህ? ቴራፒስቷ እንደዚህ አታደርግም።"

"እንጃ፣ ዝም ብዬ ነው" አልኳት።

"ኖ። እጅህ ያውቀዋል። የት ነው ያየኸው?"

እትዬ፣ ያየሁት አንቺ ቤት ነው። ጉለሌ፣ በ1986 ዓ.ም.፣ ባልሽ ወልደየሱስ ልፍታት ብሎ ሽማግሌ የሰበሰበ ቀን። ሦስት ነበርን፤ ወልደየሱስ የመረጠኝ ዘር ይቆጥራል ብሎ ነው። ያኔ ጢሜን ገና አሳድጌ ትልቅ ሰው የሆንኩ የመሰለኝ ጊዜ ነበር። እኛ ስንከራከር አንቺ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠሽ ልጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ አጥሚት ትሰጪው ነበር። አራት ዓመቱ ነበር። አንገቱን በክንድሽ ደግፈሽ፣ ጉሮሮውን በጣትሽ ጀርባ እየዳሰስሽ። ከኛ አንዱ "ነይ ወደ መሀል፣ ቃልሽን ስጪ" ሲልሽ ቀና እንኳ ሳትዪ "አጉርሼው ልጨርስና ከዚያ ትፈርዱብኛላችሁ" አልሽ።

እኔ ግን እስክትጨርሺ አልጠበቅኩም። ተነስቼ የወልደየሱስን አባቶች እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩና "በእሱ በኩል እንዲህ ያለ አንድም የለም። ነገሩ ከሷ ወገን ነው፤ ምን ሠርተው እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ወልደየሱስ በዚያው ሳምንት ልብሱን ይዞ ወጣ። ማንያህልሻል በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ያንቺ ወገን የሷም ወገን መሆኑን፣ እቤት ትቼያቸው የመጣሁት የሁለቱ ሴቶች ልጆቼም ወገን መሆኑን ያን ቀን አልቆጠርኩትም። ስለ አንዲት ሴት ስጠየቅ አባቷ ማን ነው እላለሁ እንጂ እናቷ ማን ናት ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ይኸው ነገሩ ደግሞ የሚሄደው በእናት በኩል ሆኖ ተገኘ።

ከአንቺ ወገን ነው ማለቴ ሳላውቀው እውነት ነበር። ጥፋት ነው ማለቴ ግን ሐሰት ነው። ሐኪሟ ለሉሉ ደጋግማ የምትነግራት አንድ ነገር አለ፤ ማንም ምንም ስላደረገ የመጣ አይደለም፣ በሥራም በኃጢአትም አይገኝም። ይህን ባጠገቧ ሆኜ ስሰማ፣ ያን ቀን አንድ ሰው ተነስቶ ለአንቺ እንዲህ ቢልልሽ ኖሮ እላለሁ። ያ ሰው መሆን የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ ለሉሉ እዚያው ወጥ ቤት ቆሜ ነገርኳት። ኤልያብ ክንዴ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበርና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ እሷም መጮህ አልቻለችም። መጀመሪያ ልጇን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ "አምስት ወር ሙሉ ከእኔ ነው የጀመረው ስል ትሰማኝ ነበር?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ልጇን አስተኛች። ስትዞር የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው፤ "ስሙ ማን ነው?"

አላውቅም እትዬ። አሥራ ሁለት አባቶቼን በቃሌ የማውቅ ሰውዬ የልጅሽን ስም አላውቅም። "ልጁ" እያልን ነበር የምንጠራው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አኑረሽ እንደቀበርሽው ማንያህልሻል ስታለቅስ ነው የሰማሁት፤ ያኔም ስሙን አልጠየቅኩም። በማግስቱ ሉሉ ለሐኪሟ ኮል አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት፣ ሴትዮዋም ወረቀቷ ላይ ለልጅሽ ቦታ አበጀችለት። ስም የሚጻፍበት ግን ባዶ ነው። ለእኔ አትንገሪኝ፤ ለሉሉ ንገሪያት።

ሉሉ ከአንቺ የምትፈልገው ደም እንዳይመስልሽ። ሐኪሞቹ የሚያስፈልጋቸውን ከእሷ አግኝተዋል። እሷ ልትጠይቅሽ የምትፈልገው እንዴት እንደኖርሽ ነው። ሲያድግና ሲከብድ ለብቻሽ እንዴት ታነሺው ነበር? ክንዱ ሲደርቅ እንዴት ታጥቢው ነበር? እንዳልተመቸው በምን ታውቂ ነበር? ቱቦው መግባቱ አይቀርም፣ እሷም ተስማምታለች፤ ቢሆንም ለጣዕሙ ያህል ከንፈሩ ላይ ማስነካት እንዴት እንደሚቻል ከአንቺ መስማት ትፈልጋለች። እዚህ አገር ብልህ ሐኪሞች አሉ፤ ይህን በሽታ በመጽሐፍ ያነበቡት እንጂ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሳደጉት አይደሉም። ደብተር ገዝታ ጥያቄዎቿን እየጻፈች ነው። በአማርኛ መጻፍ ስለረሳች እኔ የማላነበው ብዙ ነገር አለበት።

ሰምሀልም ወዲያው ተመረመረች። ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም፤ ስልክ ሳደርግ ባሏ እያነሳ "ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ስጣት" ይለኝ ነበር። ትናንት ራሷ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ቤዝመንት ወርዳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሷም ተሸካሚ ናት። የያዘችው ልጅ ደግሞ ወንድ ነው። የልጁን የራሱን ለማወቅ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ምርመራ አለባት፤ ውጤቱ ከዚያ በኋላ ነው። በሽታው የመኖሩም ያለመኖሩም ዕድል እኩል ነው ብለዋታል።

ይቅር በዪኝ አልኳት። "ዛሬ ስለሱ አናውራ ዳድ" አለችኝ። "እኔ ከመርማሪዎቹ የማይገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። ያ ልጅ ሃፒ ነበር?"

ልጅሽን ቀርቤ ያየሁት አንድ ቀን ነው። ያን ቀን እኔ በቁጣ ስነሳ ከዘራዬ ወድቆ ጮኸ፣ ልጅሽም ያንን በሚያህል ሳቅ ፈነዳ። አንቺም ሳታስቢው አብረሽው ሳቅሽ፤ በዚያ ሁሉ መሀል። ይህን ነገርኳት። ሰምሀል አሰበችና "እሺ፣ አንድ ቀን ስቋል። ሌላውስ ቀን?" አለችኝ። ሌላውን ቀን አላውቅም፤ ሌላውን ቀን ሁሉ አብሬ አልነበርኩም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ኡበይዳ የሚባል የወሎ ሰው ነው፤ መጋዘን ውስጥ አብረን ሠርተናል። ረመዳንን ከእናቱ ጋር ሊያሳልፍ ነው የሚመጣው። መልስ ጠብቅ አላልኩትም፣ ማድረሱን ብቻ ይነግረናል፤ በሩ ላይ ሆነሽ ብትመልሺውም ቅር አይለውም። እኔ በሕይወት ካለሁ መጥቼ ጉልበትሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ በወረቀት የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብታባርሪኝም መብትሽ ነው።

ቅዳሜ ግን ሉሉ ስትደውል ሰምሀልም አጠገቧ ትሆናለች። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ታገሻት። ያን አንድ ጥያቄ ትጠይቅሻለች። ደስተኛ ነበር ካልሽም አልነበረም ካልሽም ታምንሻለች፤ ከአንቺ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። አንሺላትና ንገሪያት።

አምሃ